ለእናቴ የነገርኳት አሥራ አምስት ሰዓት

ከቡሬ ልወጣ በዋዜማው፣ ዕቃዬ ታስሮ ካለቀ በኋላ፣ እናቴ የበርበሬውን ከረጢት አፍ በመርፌ እየሰፋች አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። «ስንት ሰዓት ነው?» አለች። የአውሮፕላኑን መንገድ ማለቷ ነው። ስለ ትምህርቱ አልጠየቀችም፤ ሰዎቹ ምን ዓይነት ናቸው፣ ምን ይበላሉ፣ አላለችም። ከድጃ የምትባለው እናቴ ከሽንዲ፣ ከዱርቤቴ፣ ከፍኖተ ሰላም ገበያ በርበሬ እየገዛች ስትሸጥ የኖረች ነጋዴ ናትና መንገድ ለእሷ ሰዓት ነው። ሽንዲ ይህን ያህል፣ ፍኖተ ሰላም ይህን ያህል፣ ዝናብ ከጣለ በላዩ ይህን ያህል። ሰው ከተባለው ሰዓት ካለፈ አንድ ነገር ሆኗል፤ ወይ ጎማ ፈንድቷል፣ ወይ መኪናው ተገልብጧል። ሌላ ምክንያት አታውቅም።

እኔ ያን ጊዜ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ አውሮፕላን የማውቀው ከበላያችን ሲያልፍ ብቻ ነው። ስልኬን አወጣሁና ከአዲስ አበባ ሜልበርን ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ኢንተርኔት ላይ ፈለግሁ። አንድ ገጽ ተከፈተ። ካርታ አለው፤ ካርታው ላይ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ውቅያኖሱን አቋርጦ አውስትራሊያ ጫፍ ላይ የሚያርፍ ቀይ መስመር ተሰምሯል። ከሥሩ አሥራ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር፣ አሥራ አምስት ሰዓት ይላል። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ቁርጥ ያለ፣ ለእናት የሚነገር ቁጥር አገኘሁ። «አሥራ አምስት ሰዓት ነው እማ» አልኳት።

መርፌውን ከረጢቱ ላይ ሰክታ በጣቷ ቆጠረች። አውሮፕላኑ የሚነሣው ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። «መግሪብ፣ ኢሻ፣ ሱብሂ» አለች። «ሦስት ሰላት ነዋ። እኔ ጎሕ ሲቀድ ሱብሂን ሰግጄ ስነሣ አንቺ ደርሰሻል። ጥሩ ነው፣ አይከፋም።» ከዚያ ቀለል ብሏት ስፌቷን ቀጠለች። እኔም ቀለለኝና ተኛሁ።

ስለዚያ ቁጥር አሁን ላስረዳችሁ፤ እናንተም በየአገሩ የተበተናችሁ ወገኖቼ እንደኔ እንዳትሞኙ። ያ ገጽ የሚነግራችሁ አንዲት ወፍ ከዚህ ተነሥታ እዚያ ሳታርፍ ብትሄድ የሚፈጅባትን ነው። ሁለቱን ከተሞች በክር ይለካና በአውሮፕላን ፍጥነት ያካፍለዋል፤ በዚያ መስመር ላይ የሚበር አውሮፕላን ይኑር አይኑር ጉዳዩ አይደለም። የኔ ቲኬት ወደ ዱባይ አራት ሰዓት፣ ዱባይ ቁጭ ብሎ ስድስት ሰዓት ተኩል፣ ከዚያ ሜልበርን አሥራ ሦስት ሰዓት ተኩል ነበር። ሃያ አራት ሰዓት። ቲኬቱ እኮ በእጄ ነበር! ግን ዱባይን እንደ ደብረ ማርቆስ ቆጠርኳት። ምሳ ይበላል፣ የሚወርድ ይወርዳል፣ ሹፌሩ ጥሩምባ ይነፋል፣ ጉዞ ይቀጥላል። ምሳ የበላንበትን ሰዓት ከመንገድ የሚቆጥር ሰው አይቼ አላውቅማ።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ በሚኒባስ ወጣሁ። አዲስ አበባ አድሬ በሚቀጥለው ቀን የምበር ነኝ። ታናሽ ወንድሜ ኑሩ ሻንጣዬን ጫነልኝ። ጎረቤታችን እትየ የሺ ነጠላቸውን አጣፍተው ድፎ ዳቦ ይዘው መጡ፤ እሳቸው ክርስቲያን ናቸው፣ እናቴና እሳቸው ግን አንድ አጥር ተጋርተው ያረጁ ናቸው። እናቴ እንደ ልማዳችን ቤቱ እንዳይጠረግ ከለከለች። መንገደኛ የወጣበት ቤት እስኪገባ ድረስ መጥረጊያ አይነካውም። እንግዲህ እኔ ሜልበርን እስክገባ ቤታችን ከነጉድፉ ይቆያል ማለት ነው።

ዱባይ ላይ የሆንኩትን ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። ስድስት ሰዓት ተኩል ከአንድ ወንበር አልተነሣሁም። ዘወር ስል ጥሎኝ ቢሄድስ? ሽንት ቤት እንኳን የሄድኩት አንዲት የሱዳን ሴት ቦርሳዬን ይዛ «እኔ እጠራሻለሁ» ስትለኝ ነው። ከዚያ ያ ረጅሙ በረራ መጣ። ከፊቴ ያለው ስክሪን ላይ ትንሽ አውሮፕላን ውኃ ላይ ትንፏቀቃለች። ተኝቼ ነቃሁ፣ ውኃ። በላሁ፣ ውኃ። የእናቴ ሱብሂ እንዳለፈ አንድ ጊዜ ትዝ አለኝ፤ ግን ሰማይ ላይ ሆኜ ምን ላድርግ?

ስደርስ በእነሱ እኩለ ሌሊት ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል፣ በኛ ገና ከሰዓት በኋላ። ኬላው ላይ ያለው ሰውዬ ሻንጣዬን አስከፈተኝ።

«ይህ ቀይ ዱቄት ምንድን ነው?»

«በርበሬ።»

«ምን ዓይነት በርበሬ?»

«የቡሬ።»

ኮምፒውተሩ ላይ ፈለገ። የለም። እናቴ የሰፋችውን አፍ በመቀስ ቆረጠና ጠጋ ብሎ አሸተተ፤ ከዚያ ሦስት ጊዜ አስነጠሰ። ዓይኑ እንባ ሞላ።

«ለምን አገልግሎት ነው?»

«ለመብል።»

«ለስንት ሰው?»

«ለእኔ።»

«ስድስት ኪሎ? ለአንድ ሰው?»

«ለአንድ ዓመት ነው እንጂ በአንድ ቀን ነው እንዴ የምበላው?»

አለቃውን ጠራ፤ አለቃውም አስነጠሰ። እንዲህ ስንባባል አንድ ሰዓት አለፈ። በኋላ ስሰማ እኔ እዚያ ስለ በርበሬ ስከራከር ቡሬ ላይ ድንኳን እየተተከለልኝ ነበር።

በመጨረሻ አውሮፕላን ማረፊያ ልትቀበለኝ የመጣች የአገሬ ልጅ በስልኳ ከቤት ጋር አገናኘችኝ። ኑሩ ስልኩን አነሣው፤ ከኋላው የለቅሶ ድምፅ ይሰማል፣ ያውም የብዙ ሰው። «ኑሩ! ማን ሞተ?» አልኩት። ደግሜ ጮህኩበት። «አንቺ» አለኝ።

እናቴ ሱብሂን ሰግዳ ጠበቀች። አንድ ሰዓት ሆነ፣ ሁለት ሆነ። ኑሩ ኔትወርክ ነው ቢላት አልሰማችም። እስከ ቀትሩ ሰላት፣ እስከ ዙህር ተቀመጠች። ዙህርን ሰግዳ ስትነሣ ነጠላዋን አገለደመችና «ልጄ ባሕር ገብታለች» አለች። ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሳት? ሰፈሩ ተሰበሰበ። የዕድሩ ሰዎች የድንኳኑን ምሰሶ አቆሙ። እትየ የሺ ንፍሮ ጣዱ።

ስልኩን የቀሙት እሳቸው ነበሩ። «እውነት አንቺ ነሽ? እስቲ የአባትሽን ስም ጥሪ!» አሉኝ።

«እንድሪስ ነው እትየ፣ እኔ ነኝ፣ ዘሃራ ነኝ!»

«የእናትሽ ላም ስሟ ማነው?»

«ኧረ እትየ፣ እኛ ላም የለንም፤ እርስዎ ነዎት ላም ያለዎት!»

«እሷው ናት!» ብለው እልል አሉ። የተቀቀለው ንፍሮ ለደስታ ተበላ፤ የዕድሩ ሰዎች ግን ምሰሶ ያቆምንበትን ድካም ክፈለን እያሉ ለብዙ ወር በኑሩ ሲያሾፉ ከረሙ።

እናቴ ስልኩን ስትቀበል አላለቀሰችም። ድምፅዋ ደርቋል። «ሰዓቱን ለምን ዋሸሽኝ?» አለችኝ።

«አልዋሸሁሽም እማ፤ ስልኩ ነው ያለው።»

«ስልኩ እናት የለውም። የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። ልጅየ፣ ከእንግዲህ ስለ መንገድ ስጠይቅሽ የምታውቂውን እውነቱን ንገሪኝ፤ የማታውቂውን አላውቀውም በይኝ። ስንት ሰዓት እንደምሸከም እኔ አውቃለሁ።» እሺ አልኳት። ማልኩላት። ኑሩ ግን ስልኩን ከእሷ ተቀብሎ በሹክሹክታ ሌላ ሕግ አወጣ፦ ከዛሬ ወዲያ ማንም ሰው መንገድ ቢወጣ፣ እስኪደርስ ድረስ ለእማ አይነገርም። በአንድ ቀን ሁለት ተቃራኒ ቃል ገባሁ፤ አንዱ ለእሷ፣ አንዱ ለእሱ።

ስለ ሜልበርን ኑሮዬ ብዙ አልላችሁም፤ የናንተው ነው። ትምህርቱን ጨረስኩ፤ ተምሬ የመጣሁት ፋርማሲ እዚህ እንደገና ይፈተናል ተባለና አረጋውያን መጦሪያ ገባሁ። ክረምታቸው ከኛው ክረምት ጋር ይገጥማል፣ ሐምሌ ብርድ ነው፤ ግን ጭቃ የሌለው፣ ሽታ የሌለው ክረምት ነው፣ ዝናቡ ወርዶ ወዲያው ቧንቧ ውስጥ ይገባል። ጎረቤቴን ሦስት ዓመት ሙሉ ሰላም ስለው «ጉድ፣ ጉድ» እያለኝ ያልፋል፤ በነሱ ቋንቋ ደህና ነኝ ማለቱ ነው፣ እኔ ግን ምን ጉድ አየ እያልኩ እስቃለሁ። ተቀምጬ መብላት ተውኩ። በባቡር ስሄድ፣ ሺፍት ስቀይር፣ ዕቃ ሳጥብ በልቤ ሰዓት አሰላለሁ፦ አሁን በኛ ስንት ሆነ፣ አሁን እማ ሱቅ ከፈተች፣ አሁን ብነሣ ነገ በዚህ ሰዓት የት እደርሳለሁ? የጉዞ ገጾቹን ማየት እንደ ሱስ ሆነብኝ። ሥራ ላይ እረፍት ሲሰጡኝ ሌላው ሰው ፊልም ያያል፤ እኔ ቲኬት አያለሁ፣ ሳልገዛ እዘጋዋለሁ።

አንድ ጊዜ እናቴን ለማምጣት አሰብኩና ለአከራዬ ለግሬግ ነገርኩት። ግሬግ በየሦስት ወሩ ኢንስፔክሽን ብሎ መጥቶ የምድጃዬን ውስጥ በባትሪ የሚያይ ሰው ነው።

«እንግዳ መቀበል ትችያለሽ» አለኝ። «ከአሥራ አራት ቀን በላይ ካደረ ግን ነዋሪ ነው፤ ውሉ ይቀየራል፣ ኪራዩም ይጨምራል።»

«እናቴ እኮ ናት።»

«ገባኝ። ስንት ቀን ትቆያለች?»

«እኛ አገር እናት ስንት ቀን ትቆያለች ተብላ አትጠየቅም።»

«እዚህ ፎርሙ ላይ ቦታ አለው» አለና ጣቱን አኖረበት። እማ ፓስፖርት አውጥታ፣ ያን ሁሉ መንገድ ተሳፍራ፣ በአሥራ አምስተኛው ቀን ነዋሪ ልትባል! ፎርሙን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ባመጣትስ ያን ሃያ አራት ሰዓት እንዴት ትችለዋለች?

አምና ኑሩ ደወለ። እማ ከርቀት ሰው አትለይም አለኝ። በሌላ ጊዜ ደግሞ ሰው የምትለየው በድምፅ ብቻ ነው አለኝ። ባሕር ዳር ወስዶ አስመረመራት፤ ግላኮማ ነው ተባለ። ፋርማሲ የተማርኩ ነኝና ሐኪሙ ያላለውም ገባኝ፦ የሄደው ብርሃን አይመለስም፣ የቀረውን ጠብታው ያቆየዋል፣ ጠብታው ደግሞ መንገድ ሲዘጋ ቡሬ አይደርስም። መንገዱ በዚያው ሰሞን በጸጥታው ችግር አንድ ሳምንት ይከፈታል፣ ሦስት ሳምንት ይዘጋል። እኔ በየጧቱ የሰው እናቶች ዓይን ላይ ጠብታ አንጠባጥባለሁ፤ የኔዋ እናት ባዶ ብልቃጥ ታንጠለጥላለች። አንድ ቀን በስልክ «ፊትሽን አንድ ጊዜ ባየው ይበቃኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ቢጠፋም ይጥፋ» አለችኝ። ያን ዕለት ሥራ መሥራት አቃተኝ፤ ዕቃ ክፍል ገብቼ አለቀስኩ።

መሄድ አለብኝ። ግን መኖሪያ ወረቀቴ ገና አልወጣም፤ ያለ ጉዞ ፈቃድ ከወጣሁ መመለስ የለም። ቢሮ ሄድኩ። ቁጥር ይዤ ሦስት ሰዓት ጠበቅሁ። አንዲት ጨዋ፣ ፈገግታዋ የማይጠፋ ሴት ተቀበለችኝ።

«የጉዞው ምክንያት?»

«እናቴ ታማለች።»

«ለሞት የሚያሰጋ ነው?»

«አይደለም። ዓይኗ እየጨለመ ነው።»

«ስለዚህ አስቸኳይ አይደለም።»

«ሳይጨልም እንድታየኝ ነው የምሄደው። ከጨለመ በኋላ ብሄድ ምን ያደርጋል?»

ጻፈች፣ ሰረዘች። «እዚህ ያሉት ምርጫዎች ሞት፣ ከባድ ሕመምና ሠርግ ናቸው» አለች በእውነት አዝና። «ሠርግ የለም?»

«የለም።»

«የእናትሽ አድራሻ? የመንገድ ስም፣ የቤት ቁጥር?»

«ቡሬ፣ ከእህል ተራው ጀርባ። ከድጃ የት ናት ቢሉ ያሳያሉ።»

እሷም ሰው ናት፤ ከባድ ሕመም የሚለው ላይ ምልክት አደረገችልኝ። የሠላሳ ቀን ፈቃድ አገኘሁ። ከሥራ የሦስት ሳምንት እረፍት ወሰድኩ፤ ጠብታውን ለሁለት ዓመት የሚበቃ ገዝቼ በልብሶቼ መሐል ጠቀለልኩ። ለኑሩ ብቻ ነገርኩት። «ለእማ ትንፍሽ እንዳትዪ» አለኝ። «መንገድ ላይ መሆንሽን ካወቀች ሰዓት ትቆጥራለች። ደጃፍ ላይ ስትቆሚ ታይሻለች፣ በቃ።» ትክክል መስሎ ታየኝ።

እንደ ነፋስ ነው የመጣሁት። ዱባይ አሁን አታስፈራኝም፤ ቁጭ ብዬ ሻይ ጠጣሁ። አዲስ አበባ እንደ ደረስኩ በሚቀጥለው አውሮፕላን ወደ ባሕር ዳር። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር አንድ ሰዓት አይሞላም። በግራ መስኮት ተቀምጬ አንገቴን እስኪያመኝ ቁልቁል አየሁ፤ አባይ በርሃ አለፈ፣ የጎጃም ማሳ ተዘረጋ፣ ከዚያ ወዲያ በስተ ምዕራብ ዳመና ነው። ዳመናው ሥር ቡሬ አለች፣ እማ ሱቋ ደጃፍ ላይ ተቀምጣለች። አልቅሼ አጠገቤ ያለውን ሰውዬ አስደነገጥኩት። ከሜልበርን ተነሥቼ ባሕር ዳር ስገባ አንድ ቀን ከግማሽ አልሞላም። ከዚያ ወደ ቡሬ የሚቀረኝ የሦስት ሰዓት የሚኒባስ መንገድ ነበር።

ያንን ሦስት ሰዓት ነው ያልጨረስኩት።

መናኸሪያው ባዶ ነው። መኪኖቹ ተደርድረው ሹፌሮቹ ጥላ ሥር ካርታ ይጫወታሉ። «ቡሬ የሚሄድ የለም?» አልኩ። «ነገ ይከፈታል ይላሉ እቴ» አለኝ አንዱ ቀና ሳይል። በማግሥቱም ነገ። በሦስተኛው ቀንም ነገ። የቡሬ ስልክም የለም፤ ኑሩ አንድ ኮረብታ ላይ ወጥቶ አንዳንዴ መስመር ያገኛል፣ ሁለት ቃል ተናግረን ይቆረጣል። አንዲት ጓሮዋ ሰፊ፣ ውኃዋ ጠፊ የሆነች ፔንሲዮን ተከራየሁ፤ ባለቤቷ ወይዘሮ ትሁን የዳንግላ ሰው ናቸው፣ ገና በሁለተኛው ቀን እንደ ልጃቸው ይቆጡኝ ጀመር። በየጧቱ ሻንጣዬን ይዤ መናኸሪያ እሄዳለሁ፣ ለምሳ ሻንጣዬን ይዤ እመለሳለሁ። በዘጠነኛው ቀን አንድ ሹፌር «እስከ ዱርቤቴ እሄዳለሁ፤ ከዚያ ወዲያ እግዜር ያውቃል» አለ። ተሳፈርኩ። ዱርቤቴ ደረስን፤ እናቴ በርበሬ የምትገዛበትን የገበያ ሜዳ በዓይኔ አየሁት። እዚያ ሁለት ሰዓት ቆምን። ወደ ፊት የሚያልፍ መኪና የለም ተባለ። በእግሬ ልቀጥል ብዬ ወረድኩ፤ ሹፌሩ ሻንጣዬን ከእጄ ነጥቆ መልሶ ጫነው። «እህቴ፣ ጤና የለሽም እንዴ?» አለኝ። መለሰኝ። ጠብታውን የምልክበት አንድ ነጋዴ አገኘሁ፤ በበቅሎ በውስጥ መንገድ አደርሳለሁ አለ። ግማሹን ሰጠሁት፤ በኋላ ደርሷል። ጠብታው ደረሰ፣ እኔ አልደረስኩም።

«እማን ይዤ ልምጣ?» ብሎ አንድ ጊዜ ኑሩ ጠየቀኝ፤ ራሱ ወዲያው «አይሆንም» አለ። ባለፈው የወጡት መኪኖች እንጅባራ ላይ አምስት ቀን ቆመዋል፤ ሰው ሜዳ ላይ ነው ያደረው። «ባሕር ዳር መሆንሽን ከሰማች ግን በእግሯም ቢሆን ትነሣለች። ታውቂያታለሽ። ዓይን የላትም፣ ጉልበት የላትም፣ ትነሣለች። አደራሽን ዘሃራ» አለኝ። አደራውን ተቀበልኩ።

እረፍቴ አልቆ ነገ ወደ ሜልበርን ልበር ዛሬ፣ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ፣ ስልኬ ጮኸ። ኑሩ ነው፤ መስመሩ ጥርት ብሏል። «እማ ከጎኔ ናት፣ ላገናኝሽ ነው። ሜልበርን ነሽ፣ እሺ?» አለኝ በችኮላ።

«ልጅየ» አለች እናቴ።

ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ። «እማ፣ እንደምን ሰነበትሽ?»

«አልሐምዱሊላህ። ጠብታው መጣልኝ፣ ልከሽልኝ። አላህ ይስጥሽ። በየትኛው ሰው ላክሽው?»

«ወደ አገር የሚገባ ሰው አገኘሁ።»

«ያቃጥላል፣ ግን ጥሩ ነው። አሁን ብርሃንና ጥላ እለያለሁ። ሰው በር ላይ ሲቆም ይጨልምብኛል፣ ማን እንደሆነ አላውቅም። ኑሩ ፎቶሽን በስልክ አምጥቶልኝ ነበር፤ ብርሃኑን ነው ያየሁት። እዚያ አሁን መሽቷል አይደል? ኢሻን ሰገድሽ?»

«አዎ እማ፣ መሽቷል። ልተኛ ነው።» ከተናገርኩት ሁሉ የከበደኝ ይሄ ነው። ከፊቴ ጓሮው ላይ ፀሐዩ ዓይን ያጥበረብራል።

በዚያው ቅጽበት ወይዘሮ ትሁን ከጓሮው፣ ባጃጅ በደጅ እያንባረቀ፣ በሙሉ ድምፃቸው ተጣሩ፤ «አንቺ ዘሃራ! ኧረ ውኃ መጥቷል! ጀሪካንሽን ይዘሽ ነይ፣ ቶሎ በይ፣ ሳይሄድብሽ!»

ስልኩን በመዳፌ ሸፈንኩ፤ ዘግይቻለሁ። በዚያኛው በኩል የኑሩ ትንፋሽ እንኳን አይሰማም። የተቆረጠ መሰለኝ።

«እዚያም ውኃ ሌሊት ነው የሚመጣ?» አለች እናቴ ቀስ ብላ።

«አዎ እማ… አንዳንድ ቀን።»

«ሴትዮዋ ማናት?»

«ጎረቤቴ ናት።»

«የኛው አገር ሰው ናት።»

«አዎ። የኛው አገር ሰው ናት።»

ትንፋሿን እሰማዋለሁ፤ ቁና ቁና ትተነፍሳለች። አሁን ትጮኻለች፣ አሁን ኑሩን ጫማዬን አምጣ ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። «ደህና ሰው ትመስላለች» አለች በመጨረሻ። «ቁጣዋ የእናት ነው። በይ ሂጂ ቅጂ፣ ሳይሄድብሽ።»

«ልዝጋው እማ?»

«አትዝጊው። ይዘሽው ሂጂ።»

ስልኩን በአንድ እጄ፣ ጀሪካኑን በሌላው ይዤ ወደ ጓሮው ወጣሁ። ወይዘሮ ትሁን አንድ ነገር ሊሉኝ አፋቸውን ከፈቱና ፊቴን አይተው ተዉት፤ ቧንቧውን ለቀቁልኝ። ስልኩን ከውኃው አጠገብ ድንጋዩ ላይ አኖርኩት። ውኃው ባዶው ጀሪካን ውስጥ ሲንኳኳ፣ ከዚያ ድምፁ እየወፈረ ሲሄድ፣ ዶሮዎቹ ሲንጫጩ፣ ባጃጁ ሲያልፍ፣ እናቴ ስልኩን ሳትዘጋ ታዳምጥ ነበር። የኔ ጀሪካን ሲሞላ የወይዘሮ ትሁንን ጀሪካን አቀረብኩ።